የተበላሸ እንጀራ ምን ይናገራል? ሙያን ከስህተት የመልመድ መንገድ

አዲስ ሙያ የሚጀምር ሰው «ከስህተትህ ተማር» የሚል ምክር አያጣም። እንዴት እንደሚማር የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው። ስህተት በራሱ አያስተምርም፤ አንዱን ስህተት ለዓመታት እየደጋገመ ምንም ሳያሻሽል የሚኖር ሰው ሞልቷል። የሚያስተምረው መንስኤው የተለየ ስህተት ነው። ስለዚህ ለማጅ ስህተትን አለመፍራቱ ብቻ አይበቃውም፤ ስህተቱ ሲመጣ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ አድርጎ ልምምዱን ማደራጀት አለበት።

ይህን በተግባር ለማሳየት እንጀራ መጋገርን መርጠናል። ካደጉ በኋላ የሚለምዱት ብዙ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች፣ ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ በሌለበት ከተማ የሰፈሩ ስደተኞች። ሥራው ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጃል፣ በየደረጃው የሚበላሽ ነገር አለው፣ የተበላሸውም ነገር በመጨረሻ እንጀራው ገጽ ላይ ይታያል። ችግሩ አንድ ዓይነት መልክ ከብዙ መንስኤ ሊመጣ መቻሉ ነው። ዓይን የሌለው እንጀራ ቢያንስ አምስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አምስቱን ሳይለይ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም የሚቀይር ሰው እንጀራው ቢያምርለት እንኳ ምን እንዳሳመረው አያውቅም።

መነሻ ልክ

ማንኛውም ሙያ ሲለመድ መጀመሪያ የማይለወጥ መነሻ ያስፈልጋል። መነሻው ምርጥ መሆን የለበትም፤ በልክ የተጻፈ መሆን ነው ያለበት። «ውሃ እስኪበቃው» የሚለው አነጋገር እጁ ለለመደ ሰው በቂ ነው፤ ለጀማሪ ግን ምንም አይነግረውም። የሚከተለው ለአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት የሚሆን ነው።

አንድ ኪሎ ዱቄት ይመዘናል። ከአንድ ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውሃ ሲሶው ብቻ ቀድሞ ይገባና ጓል እስኪጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእጅ ይታሻል። ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር እርሾና የተረፈው ውሃ ይጨመራል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለው ክፍል ተከድኖ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ተቀንሶ ይደፋል፤ ከእሱ ትንሽ አስቀርቶ ለሚቀጥለው እርሾ ማቆየት ይቻላል።

ቀጥሎ አብሲት ይጣላል። 600 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈላና ከቦካው ሊጥ 200 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ይጨመርበታል። ሳያቋርጡ እያማሰሉ እንደ አጥሚት እስኪወፍር፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ይበስላል። ጣት እስኪታገሠው፣ ወደ 45 ዲግሪ ያህል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ጤፍ ስንዴን የሚያያይዘው ዓይነት ግሉተን የለውም፤ አየሩን የሚይዝለት ይህ የበሰለው ስታርች ነው። አብሲት ሲቀር እንጀራው የሚፈረፍረውና ዓይኑ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ሊጡ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ይጠበቅና ኩፍ ሲል፣ አረፋው ገና ሳይወርድ፣ ይጋገራል። ከዚህ ልክ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ10 እስከ 12 እንጀራ ያህል ይወጣል።

ከዚህ የተለየ ልክ የለመዱ ጋጋሪዎች ብዙ ናቸው፤ የእነሱም ይሠራል። ከየትኛውም መነሻ ይጀመር፣ በግራምና በሚሊ ሊትር ተጽፎ ይቀመጥ። በቤት ውስጥ ያለ ርካሽ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ ከውድ ምጣድ የበለጠ ይጠቅማል።

እርሾ ከሌለ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ መቀበሉ ይሻላል። ከባዶ መነሳትም ይቻላል፦ 100 ግራም ዱቄት በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ አቡክቶ በየቀኑ ትንሽ ዱቄትና ውሃ እየጨመሩ አምስት ቀን ወይም ሳምንት መጠበቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽታው ደስ አይልም፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋው ያን ጊዜ ነው። ደስ የሚለው የኮምጣጣ ሽታ የሚመጣው ሊጡን የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሌሎቹን ረቂቅ ሕዋሳት ካሸነፉ በኋላ ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ጸጉራማ ሻጋታ ከታየ ግን ላዩን ገፎ መጠቀም አይገባም፤ ሁሉም ይደፋል።

ማየትና መቻል

ጀማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፈው ብዙውን ጊዜ ቪዲዮ በማየት ነው። ጉዳት የለውም፤ ሆኖም አንድ አደጋ አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ሰዎች አንድን ሙያ፣ ለምሳሌ ዒላማ ላይ በእጅ ትንሽ ቀስት (ዳርት) መወርወርን፣ ደጋግመው በቪዲዮ ሲያዩ እንችለዋለን የሚል እምነታቸው እንደሚጨምር፣ ችሎታቸው ግን እንደማይጨምር አሳይቷል። ሊጥ ምጣድ ላይ ማዞርም እንዲሁ ነው። በቪዲዮ ላይ የማይታዩት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው፤ የጆጉ ክብደት፣ የሊጡ አወራረድ፣ ፊት ላይ የሚመጣው ሙቀት።

ይልቁን ቪዲዮውን አንድ ጊዜ አይቶ ስልኩን ማስቀመጥና ደረጃዎቹን ከአእምሮ መጻፍ ይበጃል። የጎደለውን ከዚያ መልሶ ማየት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት 61 በመቶውን አስታውሰዋል። ፈተናው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲሰጥ ግን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። ለማጅ መንገዱን የሚመርጠው በዚያ አምስት ደቂቃ ስሜት ስለሆነ ደካማውን መንገድ ይመርጣል።

የእጅ ልምምዱን ብቻውን መነጠልም ይቻላል። ያልቦካ የስንዴ ዱቄት በውሃ አቅጥኖ፣ በቀዝቃዛና በማይጣበቅ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሀል እየዞሩ ማፍሰስ፤ ሰብስቦ ወደ ጆጉ መመለስ፤ እንደገና ማፍሰስ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ይሞከራል፣ የሚባክን ጤፍም የለም። እንጀራ እየጋገሩ እጅን ለማለማመድ መሞከር ግን ሙቀቱ፣ የሊጡ ውፍረትና የእጁ አዟዟር በአንድ ጊዜ እንዲበላሹ ያደርጋል፤ ሦስቱ ሲደባለቁ ምንም አይነበብም።

ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው

ከሁሉ በላይ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ነው። በእንጀራ ሥራ ውስጥ መልስ የሚሰጡት ነገሮች ፍጥነታቸው ይለያያል። የምጣዱ ሙቀት በሦስት ደቂቃ ውስጥ መልሱን ይሰጣል። የሊጡ ውፍረትም እንዲሁ፤ ውሃ ጨምሮ ቀጣዩን መጋገር ነው። የአብሲቱ መጠን መልስ የሚሰጠው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ የቡካቱ ርዝመት ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። እንጀራው ሲበላሽበት «ሊጡ አልቦካም» ብሎ ደፍቶ ከእርሾው ይጀምራል። ሦስት ቀን ይጠብቅና በዚያው በቀዘቀዘ ምጣድ ላይ ያበላሻል።

ስለዚህ ተራው ይህ ይሁን፦ ሙቀት፣ ውፍረት፣ አከዳደን፣ አብሲት፣ ቡካት። አንዱ ሳይስተካከል ወደ ሌላው አይታለፍ፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ሙቀት የሌሎቹን ሁሉ ውጤት ይሸፍናል።

ሙቀትን ለመለየት የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንጀራዎች ለዚሁ መመደብ ነው። በባህላችንም የመጀመሪያዋ እንጀራ የምጣድ ማሟሻ ናት፤ እጃቸው የተመሰከረላቸው ጋጋሪዎችም እሷን አይቆጥሯትም። ጀማሪ ሦስት ማሟሻ ይፍቀድ። አንደኛው ዝቅ ባለ፣ ሁለተኛው በመካከለኛ፣ ሦስተኛው ከፍ ባለ ሙቀት ይጋገር፤ በሦስቱም የሊጡ ልክ እኩል፣ ለ40 ሴንቲ ሜትር ምጣድ 220 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ይሁን። በየመካከሉ ምጣዱ እንዲያገግም ሁለት ደቂቃ ይሰጠው። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ምጣዱ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ሲሆን ይጀምር። ሌላው ጥቂት የውሃ ጠብታ ይርጭበት፤ ጠብታው እየዘለለ ቶሎ ከጠፋ ደርሷል፣ ተኝቶ ከተንጫጫ አልደረሰም። ሙቀቱ ልክ ሲሆን ዓይን ከዳር በኩል በሰከንዶች ውስጥ ማውጣት ይጀምራል፣ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥም ሁሉን ያዳርሳል።

እዚህ ላይ አገር ቤት ላሉ አንድ ማሳሰቢያ። ምሽት ላይ የመብራት ኃይል ሲደክም የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰክቶም በቂ ሙቀት አይሰጥም። ጠዋት ያማረ እንጀራ ማታ ቢበላሽ የጋጋሪው እጅ አልተለወጠም። ሰዓቱን መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ደግሞ ቴፍሎን የተቀባ ምጣድን ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት ትተው አይሂዱ፤ ከልክ በላይ ሲግል ቅባቱ ጎጂ ጭስ ያወጣል።

ውፍረትን ለመለየት የተረፈውን ሊጥ በሦስት ሳህን መክፈል ነው። አንዱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ላይ 50 ሚሊ ሊትር፣ ሦስተኛው ላይ 100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይጨመር። ከየሳህኑ ሁለት ሁለት እንጀራ ይጋገርና ጎን ለጎን በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይታይ። ለማጅ በአንድ ቀን ውስጥ ወፍራም፣ ልክና ቀጭን ሊጥ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ካየ በኋላ ያንን ዕውቀት ከጽሑፍ መፈለግ አያስፈልገውም። በሦስት የተለያየ ሳምንት ቢያደርገው ግን ማነጻጸሪያው ይጠፋበታል።

እንጀራውን ማንበብ

ዓይን ከሌለው በመጀመሪያ የእንጀራውን ጀርባ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ጀርባው ነጣ ብሎ የሚያጣብቅ ከሆነ ምጣዱ ቀዝቅዟል። ጀርባው ደህና ሆኖ ላዩ ልሙጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሊጡ ይሄዳል፤ ወይ ወፍሯል፣ ወይ ኩፍ ሳይል ተቸኩሏል፣ ወይ ኩፍ ብሎ አረፋው ከወረደ በኋላ ዘግይቷል። ዓይኑ ወጥቶ ከከደኑት በኋላ ከጠፋ መክደኛው ቀድሟል፤ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ እየተንጠባጠበ ቀዳዳውን ደፍኖታል። መሀሉ ዓይን ያለው ሆኖ እዚህም እዚያም ልሙጥ ንጣፍ ካለ ምጣዱ ላይ ዘይት በዝቷል። በተለይ ቴፍሎን ላይ ዘይት መቀባት የለመዱ ሰዎች ይህ ይገጥማቸዋል፤ በጨርቅ አድርቆ መጥረግ ይበቃል።

ዳሩ እየተሰነጠቀ ወደ ላይ የሚታጠፍ እንጀራ ደርቋል። ምጣዱ በጣም ግሏል፣ ወይም ዓይኑ ካለቀ በኋላ መክደኛው ዘግይቷል፣ ወይም ዳሩ ከተነሳ በኋላም ምጣድ ላይ ቆይቷል። ከተከደነ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ዳሩ ራሱ ሲላቀቅ ደርሷል ማለት ነው። ሲጋገር ደህና የነበረው በማግስቱ ሲጠቀለል የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ከምጣዱ ይልቅ አብሲቱን ይጠርጥሩ፤ አንሷል፣ ወይም ሳይወፍር ወጥቷል።

ሸክላ ምጣድ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ምጣዱ በደንብ አልተሟሸም። በጎመን ዘር ዱቄት ማሰስና ደጋግሞ ማጋል ያስፈልጋል። መሀሉ ሊጥ ሊጥ የሚል ከሆነ የአዟዟር ችግር ነው፤ ሲጨርሱ ጆጉን መሀል ላይ አቁመው ብዙ አፍስሰዋል። እርስ በርሱ የሚጣበቅ እንጀራ ደግሞ ጋገራው ላይ ምንም ላይጎድለው ይችላል፤ በትኩሱ ተደራርቦ ነው። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ ቀዝቅዞ ይደራረብ።

ሲበዛ የሚኮመጥጥ እንጀራ ቡካቱ ረዝሟል ወይም ክፍሉ ሞቋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ውስጥ በበጋ የአየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ሊጥ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በግማሹ ሊጨርስ ይችላል፤ በስዊድን ክረምት ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ያለው ደግሞ ከልክ በላይ ይዘገያል። ቀዝቃዛ አገር ያሉ ሰዎች ሊጡን በጠፋ ምድጃ ውስጥ፣ አምፖሉን ብቻ አብርተው፣ ቢያስቀምጡት ለብ ያለ ቦታ ያገኛል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም ሳይከድኑ ማሳደር ነው፤ ክሎሪን የተጨመረው ረቂቅ ሕዋሳትን እንዲገድል ስለሆነ እርሾውንም ያዳክማል። የቡካትን ልክ ለመማር ሙሉ ሊጥ መክሰር አያስፈልግም። በሦስት ትንንሽ ብርጭቆ 100 ግራም 100 ግራም ዱቄት አቡክቶ፣ አንዱን በ24፣ አንዱን በ48፣ አንዱን በ72 ሰዓት ማሽተትና በመጥበሻ ላይ ትንሽ እንጎቻ ማድረግ ይበቃል።

ደብተርና ግምት

ማስታወሻው አጭር ይሁን፤ ረጅም ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል። ቀንና ሰዓት፣ የዱቄቱ ዓይነትና ግራም፣ ውሃ፣ እርሾ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ስንት ሰዓት ቦካ፣ አብሲት፣ ኩፍ ለማለት ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ የምጣዱ የሙቀት ቁጥር፣ ውጤቱ። በመጨረሻ ሁለት መስመር፦ «የጠረጠርኩት» እና «በሚቀጥለው የምለውጠው»። ሁለተኛው መስመር ላይ ከአንድ ነገር በላይ አይጻፍ።

ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ደረጃ አለ። መክደኛውን ከማንሳት በፊት የሚጠብቁትን ውጤት ድምፅ አውጥቶ መናገር ወይም መጻፍ፦ «ዓይኑ ሁሉን አዳርሷል፣ ዳሩ ግን ደርቋል።» ግምቱ ትክክል ከሆነ ለማጁ ሙያውን መረዳት ጀምሯል። ስህተት ከሆነም አልከሰረም። ብራዲ ባተርፊልድና ጃኔት ሜትካልፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር አለ፤ ሰዎች እርግጠኛ ሆነው የተሳሳቱትን ነገር እርማቱ ከተነገራቸው በኋላ እየተጠራጠሩ ከተሳሳቱት በተሻለ ያርሙታል። አእምሮ በጣም የሚነቃው ያልጠበቀው ሲመጣ ነው። ግምት ያልሰጠ ሰው ግን የሚያስደንቀው ነገር የለም፤ የተበላሸውን አይቶ «እኔ እንደሆንኩ አልሆንልኝም» ብሎ ያልፈዋል።

ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል

በወር አንድ ጊዜ አምስት ኪሎ አቡክቶ ቀኑን ሙሉ ከመጋገር በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ኪሎ መጋገር ለመልመድ ይሻላል። ለዚህ የቆየ ማስረጃ አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. አላን ባድሊና ሎንግማን የብሪታንያ ፖስታ ሠራተኞች በቁልፍ ሰሌዳ (ኪቦርድ) መጻፍ ሲማሩ ያጠኑትን አሳተሙ። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሠለጠኑት ሰሌዳውን ለመልመድ 35 ሰዓት ገደማ ወሰደባቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት የሠለጠኑት ግን ወደ 50 ሰዓት። ለማጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ሌላው ውጤት ነው። በሥልጠናው ያነሰ እርካታ የነበራቸው በትንሽ ሰዓት የለመዱት ናቸው፤ ቀኑ ስለረዘመ የዘገዩ መስሏቸዋል። ስሜት ለእድገት ጥሩ መለኪያ አይደለም። ደብተሩ ይሻላል።

ሳምንታዊው ልምምድ ሌላም ጥቅም አለው። እርሾው ሕያው ሆኖ ይቆያል፣ የስህተቱም ዋጋ ትንሽ ነው። ጤፍ ውድ ነውና አምስት ኪሎ ሊጥ የተበላሸበት ሰው ሙቀት ስለመቀየር አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ገንዘቡ ነው። ስህተትን መታገሥ ከጥሩ ጠባይ ብቻ አይመጣም፤ ስህተቱ እንዳይጎዳ አድርጎ አሳንሶ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ዓይን የሌለው እንጀራ ለፍርፍር ይሆናል፣ የደረቀው ድርቆሽ ይሆናል። ለበዓል ዋዜማና እንግዳ ለተጠራበት ቀን ግን ልምምድ አይቀጠር። ያን ቀን የሚታወቀውን ልክ ሳይነኩ መጋገር ወይም እንጀራ ገዝቶ ማቅረብ ነው።

ስለ ኀፍረቱም መነገር አለበት። በእኛ ዘንድ እንጀራ የሰው መመዘኛ ሆኖ ኖሯል፤ በተለይ ሴት ልጅ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ካቀረበች «ሙያ የላትም» ይባልባታል። ወንድ ልጅ ደግሞ ሞክሮ ሲያበላሽ ይሳቅበትና ከምጣዱ ይርቃል። ሁለቱም አነጋገር መንስኤውን ከምጣዱ አንስቶ ሰውየው ላይ ያደርገዋል። «ምጣዱ ቀዝቅዟል» የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገውን ያውቃል። «ሙያ የለህም» የተባለ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ይተወዋል። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት እንለምናለን። ለማጁም ለራሱ የሚናገረውን ይጠንቀቅ፤ «አልችልም» በደብተሩ ላይ «የጠረጠርኩት» ከሚለው መስመር አጠገብ ሊጻፍ የሚችል መንስኤ አይደለም።

ከሚያውቅ ሰው መማር

ለአሥርተ ዓመታት የጋገሩ እናቶች ሙያቸው እጃቸው ላይ ነው። ሲጠየቁ «እጅሽ ሲለምድ ታውቂዋለሽ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እነሱም በቃል አልተማሩትም። ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት። «እትዬ፣ ውሃው ስንት ይሁን?» ከማለት ሳህኑን ሚዛን ላይ አስቀምጦ እንደልማዳቸው እንዲያቦኩ መፍቀድና ቁጥሩን መጻፍ ነው። ሊጡ ደረሰ ሲሉ በጭልፋ አንስቶ ሲያፈሱት እንዴት እንደሚወርድ በስልክ መቅረጽ፣ እጅ ነክሮ መንካት ነው። ምጣዱ ጋለ ሲሉ በምን እንዳወቁ መጠየቅ ነው፤ በድምፁ ነው? በሽታው? በጠብታው?

ከዚያ ደግሞ ቦታ መለዋወጥ። ለማጁ እየጋገረ እሳቸው ይዩ፣ ግን ቶሎ አያርሙ። መጀመሪያ ለማጁ «ይህ የተበላሸው ሊጡ ወፍሮ ይመስለኛል» ይበል፤ ቀጥሎ እሳቸው ይፍረዱ። ጆጉን ከእጁ ነጥቀው ካሳዩት ያን ቀን እንጀራው ያምራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ሲሆን ግን ምን እንደሚጠረጥር አያውቅም። ሩቅ ላሉ በቪዲዮ ጥሪም ይሆናል፣ ካሜራው ወደ ጋጋሪው ፊት ሳይሆን ወደ ምጣዱ ከዞረ።

ሲቆም

ከጥቂት ወራት በኋላ እንጀራው ይበላል፣ እንግዳም አያማርርም። አብዛኛው ሰው መሻሻል የሚያቆመው እዚህ ነው። ስህተቱ እየቀነሰ ሲሄድ የሚነበብ ነገር ይጠፋል። ለመቀጠል የሚፈልግ ሰው አዲስ ስህተት የሚያመጣ ሥራ መምረጥ አለበት፤ ከነጭ ጤፍ ወደ ቀይ፣ ከንጹሕ ጤፍ ወደ ገብስ ቅልቅል፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር ቴፍሎን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሸክላ። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ።

መንገዱ ለሌላ ሙያም ይሠራል፣ ተራው ግን ከሙያው ጋር ይለዋወጣል። መኪና የሚለምድ ሰው ፍሬንና ማርሽን ባዶ ሜዳ ላይ ሳይጨርስ አደባባይ ቢገባ ስህተቱ አይነበብለትም፣ ለሕይወቱም ያሰጋዋል። ልብስ ስፌት የሚጀምር ሰው የክሩን ውጥረት በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሳያስተካክል ቀሚስ ከቆረጠ ጨርቁን ያባክናል። የትም ቢሆን ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚህ ሥራ ውስጥ ቶሎ መልስ የሚሰጠኝ የትኛው ክፍል ነው?

ምጣድ ወይም ዱቄት የቀየረ ሰው ለጥቂት ሳምንት ወደ ኋላ እንደሚመለስ ይጠብቅ። የድሮው የምጣድ ቁጥር በአዲሱ ላይ አይሠራም፤ ከሌላ ማሳ የመጣ ጤፍም የሚጠጣው ውሃ ይለያያል። ያን ጊዜ እርሾውን መድፋት አያስፈልግም። ሦስት ማሟሻ መድቦ ከሙቀቱ መጀመር፣ ቀጥሎ ሦስቱን ሳህን ማውጣት ነው።